አጎበር ውስጥ የተጠገነው ባቡር

እርሳስ የሚቀርጽ ሰው አጠገቤ ካለ ሥራዬን ትቼ ወደዚያ እዞራለሁ። ሌላ ሰው የሚሸተው እንጨቱ ነው፤ እኔን የሚይዘኝ ከእንጨቱ ኋላ የሚመጣው የጥቁሩ ዱቄት ሽታ ነው። ባለፈው ወር ባሕር ዳር ሄጄ በድሮው ሰፈራችን ሳልፍ፣ አንዲት ተማሪ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ እርሳሷን በምላጭ ስትቀርጽ አገኘኋትና ቆምኩ። ልጅቷ ቀና ብላ "ምን ፈለግሽ?" በሚል ዓይን አየችኝ። ምን እላታለሁ? እናቴን ያመጣልኝ ሽታ ነው ብላት አበደች ትላለች። ማስቲካ ገዝቼ ሄድኩ።

ሁለተኛ ክፍል ለመግባት በምጠብቅበት ክረምት ነው ነገሩ። እናቴ አርግዛ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም አርግዛ ነበር፤ ለሕፃኑ የተገዛው ልብስ ግን ሳይለበስ ሣጥን ውስጥ ቀረ። ስለዚህ በዚያ ክረምት ሐኪሙ "እስክትወልጂ ከአልጋ አትውረጂ" አላትና አባቴ ወደ ጎንደር ወሰዳት፤ እህቷ እዚያ ሆስፒታል አጠገብ ትኖራለች። እኔን ደግሞ የእናቴ አጎት አባባ ጌጡና ባለቤታቸው እማማ ስንዱ ወሰዱኝ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የነገሩኝ "እናትሽ ደህና ናት፤ ትንሽ አርፋ ትመጣለች" ብለው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጊዜም ያሉኝ ይህንኑ ነበር። "ደህና ናት፣ ደህና ናት" ካሉ በኋላ ጓዳ ገብተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሰው "ደህና" ባለ ቁጥር ሆዴን ያመኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር እስካሁንም ትንሽ ያመኛል።

አባባ ጌጡ ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ፣ ባቡር ጥገና ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ወደ ባለቤታቸው አገር መጡ። የባለቤታቸው አገር ደግሞ ጀልባ እንጂ ባቡር የለውም። እማማ ስንዱ "ጀልባ የማይወጣ ባቡረኛ አግብቼ ሐይቅ ዳር አስቀመጥሁት" እያሉ ለጎረቤት ያሟቸዋል። ከድሬዳዋ ይዘውት የመጡት ዋና ንብረት አንድ ትልቅ ካርቶን ነበር። አብሯቸው ይሠራ የነበረ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላቸው ትንሽዬ ባቡር ነው፤ ከነሐዲዱ፣ ከነፉርጎዎቹ። መጫወቻ ያለ ሰው ግን ወዮለት።

"መጫወቻ አይደለም" ይላሉ። "ባቡር ነው። አንሶ ነው እንጅ።"

ባቡሩ የሚሄደው ሳሎን ውስጥ፣ በሁለት በርጩማዎች ላይ በተጋደመ አሮጌ በር ላይ ነበር። በዚህ የተነሳ እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ የለም። ሐዲዱ ሞላላ ሆኖ በሩን ይዞራል። "ወዴት ነው የሚሄደው?" ብዬ ብጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና "ሐይቁን ይዞራል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጣቢያ አወጣንለት። በእኛ በኩል ያለው የሳሙና ካርቶን ባሕር ዳር፣ መታጠፊያው ላይ ያለው የክብሪት ቀፎ ደልጊ፣ ወዲያ ማዶ ያለው የሰርዲን ቆርቆሮ ጎርጎራ ሆኑ። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ጎርጎራ ላይ ይወርዳል አሉኝ። ይህን እንደሰማሁ ከእናቴ ሹራብ የተበጠሰ ሰማያዊ ቁልፍ ነበረኝና መጨረሻው ፉርጎ ላይ አስቀመጥኩት።

ችግሩ ባቡሩ ይበጠሳል። ከፊት ሆኖ የሚጎትተው ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ መብራት ካለ ይሄዳል። የታመመው ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው ነገር ነበር። አባባ ጌጡ ጋንቾ ይሉታል። ከሽንብራ የማይበልጥ፣ ጣቶቹን ያጠፈ ትንሽ እጅ የመሰለ ነገር ነው። ሁለት ፉርጎዎች ሲገናኙ የታጠፉት ጣቶች ይከፈቱና እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከዚያ ሞላ የምትባል ጥምዝምዝ ሽቦ መልሳ ትዘጋቸዋለች። ሞላዋ ከመቅጠኗ የተነሳ መጀመሪያ ያየኋት ጊዜ የሰው ቅንድብ ፀጉር የወደቀ መስሎኝ እፍ አልኳት። እሷን ፍለጋ ከሰዓቱን ሁሉ በእንብርክካችን ስንዳክር ዋልን።

የዚያን ዕለት ነው አባባ ጌጡ ብልሃቱን ያመጡት። ባሕር ዳር ወባ አለ፤ አጎበር የሌለው አልጋ የለም። በማግስቱ መሣሪያቸውን ሰበሰቡ፣ አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፉ፣ እኔን አስገቡ፣ እሳቸውም ገቡና አጎበሩን ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ወተፉት። አሁን ሞላዋ ብትዘልም የት ትሄዳለች? አጎበሩ ላይ ትጋጭና አንሶላው ላይ ትወድቃለች። ትንኝ ከውጭ እንዳይገባ የተሠራውን እኛ ከውስጥ እንዳይወጣ አደረግነው። እሳቸው ፉርጎውን ገልብጠው ብሎኑን ሲፈቱ እኔ ዓይኔን ሳላርገበግብ ሞላዋን እጠብቅ ነበር።

እዚያ ውስጥ ሆነው የነገሩኝን ሁሉ አልረሳሁትም። ጋንቾዎቹ በሙሉ ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ ጉብታ ላይ ሲደርሱ ይላቀቃሉ። ለዚህም ከጄሪካን ቆርጠው የሠሯት መለኪያ ነበረቻቸው። ከጋንቾው ሥር የምትንጠለጠለው ሽቦ ሐዲዱን መንካት የለባትም። ብሎኑ ከጠበቀ ጋንቾው ይታነቃል። ጤንነቱን ለማወቅ ወደ ጎን በጣት ገፋ አድርገሽ ልቀቂው፤ ራሱ ተመልሶ መሐል ላይ መቆም አለበት። የማይመለስ ከሆነ ታሟል።

"ታዲያ ዘይት አይቀቡትም?" አልኳቸው።

"ዘይት!" አሉ፣ እንደተሰደበ ሰው። "ዘይት አቧራ ጠርቶ ያስገባልሻል። ለዚህ መድኃኒቱ ያንች እርሳስ ነው።"

የእኔ ሥራ ይህ ሆነ። የእርሳሱን ጥቁሩን በብርጭቆ ወረቀት ላይ እፈገፍጋለሁ፣ ዱቄቱን እሰበስባለሁ፤ እሳቸው በክብሪት እንጨት ጫፍ ቆንጥረው ጋንቾው መገጣጠሚያ ላይ ያደርጋሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የተገዙልኝ እርሳሶች በሙሉ እንዲህ አለቁ። ክረምቱን ሙሉ እጄ ጥቁር፣ አፍንጫዬ ጥቁር ሆኖ ከረመ።

አንዲት ጎረቤታችን በመስኮቱ አጠገብ ስታልፍ ብታይ፣ አባባ ጌጡ በጠራራ ቀን አጎበር ውስጥ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ምን ሊል ይችላል? ወባ ያዛቸው ተባለ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ፓፓያና ሎሚ እየያዘ "እግዜር ይማርዎ" ሊል መጣ። እማማ ስንዱ በሳቅ እንዳይፈነዱ ጓዳ ገቡ። አባባ ጌጡ ግን ሰውን ማሳፈር አይወዱም፤ አንሶላውን እስከ አገጫቸው ስበው "ተመስገን፣ ዛሬስ ቀለል ብሎኛል" አሉ። ፓፓያውን ተካፍለን በላነው።

እናቴ መቼ እንደምትመጣ የምጠይቀው ሁልጊዜ ሥራ በያዙበት ሰዓት ነበር። አንድ ቀን አፋቸው ውስጥ ብሎን ይዘው፣ በአንድ እጃቸው ሞላ በሌላው ወረንጦ ይዘው ሳለ ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። በብሎኑ መካከል እንዲህ አሉኝ፦

"ይችን ባቡር ሳትበጠስ ሐይቁን ስናዞራት ትመጣለች።"

መጠየቄን ተውኩ። እሳቸው ተገላገልኩ ብለው አስበው ይሆናል። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ቀጥተኛ መልስ ሰጠኝ። "ደህና ናት" አላሉም፤ መቼ እንደምትመጣ ነገሩኝ። ነገሩ በእኛ እጅ ነበር ማለት ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጎበሩ የሚያወጣኝ ጠፋ።

ባቡሩ በየሙከራው ሻል እያለው ሄደ። ደልጊን ሳይበጠስ ያልፋል፣ ጎርጎራ ይገባል፤ ከጎርጎራ ሲነሳ ግን መጨረሻው ፉርጎ ተላቅቆ ይቀራል። ሰማያዊው ቁልፍ ያለበት ፉርጎ። ሌላው ፉርጎ ሁሉ እየተጎተተ ባሕር ዳር ይገባል፣ እናቴ ማዶ ቆማ ትቀራለች። እንዲህ በሆነ ዕለት እራት አልበላም ነበር። አባባ ጌጡ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ አንድ ቀን ግን "እመቤቴ ማርያም፣ ጎርጎራ ላይ እንዳይለቃት" ብዬ ስጸልይ ሰሙኝና ፊታቸው ተለወጠ።

ማታ ሳሎን ተኝታለች ብለው ጓዳ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ምነው አፌን በቆረጠው" አሉ አባባ ጌጡ። "ልጅቱን ያለ ነገሩ አሰርኋት። አንድ ነገር ቢሆንስ? ፉርጎው ስለተበጠሰ ነው ብላ ዕድሜዋን ልትኖር ነው።"

"በክር አስረህ አዙርላትና ትረፍ!" አሉ እማማ ስንዱ። ባላቸውን አንቱ የሚሉት እንግዳ ፊት ነው።

"ክሩን ያየች እንደሁስ? ከእንግዲህ እኔንም አታምነኝ።"

እማማ ስንዱ መብራቱን አጠፉ።

በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። እማማ ስንዱ አንስተው አዳመጡ፣ "ገና ጊዜዋ ሳይደርስ?" አሉ፣ ከዚያ እኔን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አባባ ጌጡ ስልኩን ተቀብለው ወደ አጥር በር ወጡ። ማንም ምንም አልነገረኝም፤ ሆዴ ግን ነገረኝ። በማግስቱ ጠዋት ባቡሩን ለመሞከር ተቀጣጥረን ነበርና እሱን እያሰብኩ የእናቴን አሮጌ ልብስ አቅፌ ተኛሁ።

ጠዋት መብራት ነበር። ቁልፉን በቦታው አስቀመጥኩ። አባባ ጌጡ ማብሪያውን አዞሩ። ባቡሩ ከሳሙና ካርቶኑ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ መሐሉ ላይ ተበጠሰ። መልሰው አያያዙት፤ በሌላ በኩል ተበጠሰ። ደግመው ሲያያይዙት በሁለት ቦታ ተበጠሰ። ከዚህ በፊት አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እኔ ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ የማውቀው ራሴ ከማስታውሰው ይልቅ ከሰፈሩ ሰው ሰምቼ ነው። እናቴ ሞተች ብዬ ነው የጮህኩት።

አባባ ጌጡ አንዱን ፉርጎ አነሱና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"ስንዱ! ኑግ ይሸተኛል።"

እማማ ስንዱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ትናንት ስልኩ ከተደወለ በኋላ መላ ቢጠፋቸው፣ ክረምት ሲመጣ የበሩ ማጠፊያ ሲንጫጫ እንደሚያደርጉት፣ የዶሮ ላባ በኑግ ዘይት እየነከሩ ጋንቾዎቹን አንድ በአንድ ቀብተዋቸው ነበር። ዘይቱ ከእርሳሱ ዱቄት ጋር ተቦክቶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል፤ ማታ መብራቱን የከበበው ትንኝ ደግሞ መጥቶ ተለጥፎበታል። ጣቶቹ ተከፍተው ቀርተዋል፤ አይዘጉም።

"እኔ እኮ እንዳይበጠስባት ብየ ነው" አሉና ቁጭ ብለው አለቀሱ። "ጠንክሮ እንዲይዝላት ብየ ነው።"

ሁለታችንም ስናለቅስ ስልኩ ጮኸ። አባባ ጌጡ አነሱት። ከዚያ እማማ ስንዱን "እልል በይ!" አሏቸው። "ወልዳለች! ወንድ ነው! ሁለቱም ደህና ናቸው!"

ደህና። ሆዴን ያዝኩ።

አባባ ጌጡ ይህን አይተው እጄን ይዘው አጎበሩ ውስጥ አስገቡኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ወተፉት። መሣሪያ አልያዙም ነበር። "ስሚኝ ትርንጎ" አሉኝ። "ያን ዕለት ዝም እንድትይልኝ ብየ ነው የተናገርሁት። ሽማግሌ ሁኜ ልጅ አታለልሁ። ባቡሩና እናትሽ አይተዋወቁም።"

"ታዲያ ለምን አልመጣችም?"

"አራስ ናት። ትንሽ ትጠንክር።"

"ባቡሩ ስላልዞረ ነው" አልኳቸው።

 ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ ወይ ይስቅ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡና "እንግዲያው እንጠግነዋ" አሉ። ለዚህ መልሳቸው ነው እኒያን ሰውዬ እስካሁን የምወዳቸው።

የቦካ ዘይት በውሃ አይለቅም። እማማ ስንዱ ጥፋታቸውን ሊክሱ አልጋ ሥር ገቡና ለበዓል ያስቀመጡትን ዳግም አረቄ ይዘው ወጡ፤ ለእንግዳ እንኳ በስስት ነው የሚቀዱት። የአረቄ መለኪያዎቹን በሳህን ላይ ደርድረው እስከ አፋቸው ሞሉልን። በየመለኪያው አንዳንድ ጋንቾ ዘፈዘፍን፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንፈትጋለን፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል እናደርቃለን። ያቺው ጎረቤታችን "እንኳን ማርያም ማረቻት" ልትል ብትገባ፣ አባባ ጌጡና እኔ በአጎበር ውስጥ፣ በመካከላችን የአረቄ መለኪያ ተደርድሮ አገኘችን። ምንም ሳትናገር ወጣች። ሰውየው ደስታውን አልቻለውም፣ ከልጅቱ ጋር ከጠዋት ጀምሮ ይጠጣል ብላ አውርታለች አሉ።

ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ሳምንታት ፈጀብን። ሰማዩ ጥቁር ነው፣ መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ የአባባ ጌጡ ዓይን ቶሎ ይደክማል። ሲደክማቸው ወረንጦውን ለእኔ ይሰጡኛል፣ ሞላዋን እኔ አስገባታለሁ። የመጨረሻዋን ያስገባሁ ጊዜ እጄን ሳሙኝና በእርሳስ የጠቆረ ከንፈራቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

ጋንቾዎቹን ሁሉ መልሰን ገጥመን፣ ዱቄታቸውን አድርገን፣ ባቡሩን ሐዲዱ ላይ ደርድረን መብራት እየጠበቅን ሳለ ከውጭ የአባቴ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሮጥኩ። እናቴ በጋቢ ተጠቅልላ፣ ሌላ ትንሽ ጥቅልል አቅፋ የአጥሩን በር እየገባች ነበር። ከስታለች። ፊቷ ከእሷ ያነሰ ሰው ፊት መስሏል። ልይዛት እጄን ዘረጋሁና መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ። ባቡሩ ገና አልዞረም። አሁን ብትገባ ያለ ደንቡ ነው የገባችው፤ ያለ ደንብ የመጣ ደግሞ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል።

"ቁሚ!" አልኳት። "ገና ነሽ። ጎርጎራ ነሽ!"

"ምን ትላለች ይች?" አለ አባቴ። "መንገድ ላይ ስትንገላታ የዋለችን አራስ ደጅ ታቆማታለሽ?"

አባባ ጌጡ እየተቅለሰለሱ፣ የራሳቸውን ጥፋት እያስቀደሙ፣ ነገሩን ባጭሩ ነገሯት። እናቴ እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። ጥቁር እጄን፣ ጥቁር አፍንጫዬን አየች። አልሳቀችም።

"ጎርጎራ በየት በኩል ነው?" አለችኝ።

"በጓዳ በር።"

አባቴ አፉን ከፈተ፤ እሷ ክንዱን ነካ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ቤቱን ዞራ፣ በጓሮው ጭቃ ላይ ቀስ ብላ እየረገጠች፣ በጓዳ በር ገብታ ከሰርዲኑ ቆርቆሮ አጠገብ ቆመች። እማማ ስንዱ በርጩማ ይዘው ተከተሏት፤ አልተቀመጠችም።

መብራቱ አልመጣም። አባባ ጌጡን አየኋቸው። "በእጅሽ ጎትቻት" አሉኝ። "ለጋንቾ ያው ነው። ዋናው ቀስ ማለት ነው።"

ሞተሩን በሁለት ጣቴ ይዤ ጎተትኩት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ እያንዳንዱ ጋንቾ የኋለኛውን ያዘ። ደልጊን አለፍን። ጎርጎራ ደረስን። እናቴ ከመጨረሻው ፉርጎ ላይ ቁልፏን አየችና እጇ የሹራቧ ቁልፍ ወደነበረበት ወደ አንገቷ ሄደ። እንደገና ጎተትኩ። ከጎርጎራ ሲነሳ ፉርጎው ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት አለ፤ ጋንቾው ተወጠረ፤ ያዘ። ያዘ! እናቴ ሕፃኑን አቅፋ ከመጨረሻው ፉርጎ ጎን ጎኑን፣ በፉርጎው ልክ እየተራመደች አብራ ዞረች። እኔ ስቆም ትቆማለች፣ ስሄድ ትሄዳለች። ሞተሩ የሳሙናውን ካርቶን ሲነካ እሷም አጠገቤ ደረሰች።

"አሁን መጣሁ?" አለችኝ።

 ጎንበስ ብዬ ጋንቾዎቹን ከፊት እስከ ኋላ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ተያይዘዋል።

"መጣሽ" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ነው የተጠመጠምኩባት። ስለቅቃት ነጩ ጋቢዋ ላይ ሁለት ጥቁር እጆች ታትመው ቀሩ። እማማ ስንዱ "ግድ የለም፣ አምጭው፣ አረቄው አላለቀም" ብለው ጋቢውን ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ ጋቢውን ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገችና እርሳስ እርሳስ የሚለውን ቦታ አሸተተችው።

"ይቆይ እማማ" አለች። "ይኸ የኔ ነው።"